ሱስን በሱስ መተካት አይደለም

በአሜሪካ እንደ ሄሮይንና ፌንታኒል ያሉ የኦፒዮይድ ዕፆችን ሱስ በቡፕረኖርፊን ማከም የተፈቀደው በ2002 እ.ኤ.አ. ነው። እስከ 2022 መጨረሻ ድረስ ግን ሐኪሞች መድኃኒቱን ለማዘዝ ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋቸው ነበር። ያ አጥር ፈርሷል፤ ሐሜቱ ግን አልፈረሰም። «ሱስን በሱስ መተካት» ይሉታል፣ በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ደግሞ በሹክሹክታ። አይደለም። በልኩ የተወሰደ መድኃኒት አምሮቱን ያስታግሣል፣ ከሞትም ይጠብቃል።

አወሳሰዱ ግን ጥንቃቄ ይሻል። ሄሮይን ወይም ፌንታኒል ከሰውነት ሳይወጣ ከተጀመረ ላቡ፣ ትውከቱና ቁርጥማቱ ባንዴ ይወርዳል፤ መነሻ ሰዓቱን ሐኪም ይወስን። ክኒኑ ከምላስ ሥር ይሟሟል እንጂ አይዋጥም። ሟሙቶ ሲያልቅ አፍን በውኃ መጉመጥመጥ፣ ጥርስ ለመቦረሽ ግን አንድ ሰዓት መቆየት ነው። ከአልኮል ወይም ከእንቅልፍ ክኒን ጋር ከተቀላቀለ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ሕፃን ቢውጠው ሊገድለው ስለሚችል ተቆልፎ ይቀመጥ።

ከሁሉ የሚያሳስበን «ተሻለኝ» ብሎ በራስ ፈቃድ ማቆም ነው። ሰውነት የቀድሞውን የሄሮይን ወይም የፌንታኒል መጠን መቋቋም ስለማይችል፣ አንድ ቀን ቢመለሱበት ሊገድል ይችላል። ቤተሰብም «መቼ ነው የምትተወው?» እያለ አይወትውት፤ ይልቅ ከ2023 ወዲህ ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጠውን የኦፒዮይድ ማርከሻ ናሎክሶን ገዝቶ ቤቱ ያኑር።