ወባ በሮቶ ውስጥ፦ ልናጠፋው የነበረው በሽታ ለምን ተመልሶ አየለ?

ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ የፖለቲካ ዜና ያህል አያጯጩህም፤ ግን ብዙዎቻችንን ቤታችን ድረስ መጥቶ የሚያንኳኳ ነው። ወባ።

ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ሲቋጥር ወባ እንደሚነሳ ማንም ያውቃል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ዋናው ወቅት ነው፤ ከበልግ ዝናብ በኋላ ደግሞ ትንሹ። ስለዚህ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር «ዝናቡ ስለበዛ ነው» ይባልና ይታለፋል። እኛም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ዜናውን እንደዚያው ነበር የምናነበው። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው ግን ዝናብ ብቻውን ሊያስረዳው የማይችል ነገር ነው የምናየው።

እ.ኤ.አ. በ2019 በኢትዮጵያ የተመዘገበው የወባ ሕመምተኛ ወደ 900 ሺህ ገደማ ወርዶ ነበር። በዚያ ሰሞን መንግሥት በ2030 ወባን ከአገር እናጠፋለን የሚል ዕቅድ ይዞ ነበር፤ ዕቅዱም ያኔ ቅዠት አልነበረም። አራት ዓመት ቆይቶ በ2023 ቁጥሩ ከ4 ሚሊዮን በላይ ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መረጃ መሠረት ደግሞ ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ድረስ ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው ታሟል፤ 1,157 ሰው ሞቷል። ይህ በጤና ተቋም የተመዘገበው ነው። ጤና ኬላ ሳይደርስ ቤቱ የቀረውን ቤቱ ይቁጠረው።

እሺ፣ ምን ተፈጠረ? «ጦርነት ነው» የሚል መልስ ከብዙዎቻችሁ ይመጣል፤ ትክክልም ነው። በትግራይ ጦርነት ጊዜ ጤና ተቋማት ወድመዋል፣ ተዘርፈዋል። ከዚያ በአማራ ክልል እና በምዕራብ ኦሮሚያ ባለው ግጭት ርጭት የሚያካሂድ ቡድን መግባት ያልቻለባቸው፣ አጎበር በወቅቱ ያልደረሰባቸው ወረዳዎች አሉ። በ2024 ከተመዘገበው ሕመምተኛ ውስጥ 44 ከመቶው ከኦሮሚያ፣ 18 ከመቶው ከአማራ ክልል መሆኑም ዝም ብሎ የአጋጣሚ ነገር አይደለም (የሕዝብ ብዛታቸውም እንዳለ ሆኖ)። ግን ጦርነቱ ነገ ቢቆም እንኳ ወባ ወደ 2019 ቁጥሩ በራሱ አይመለስም። ምክንያቱም በእነዚህ ዓመታት ትንኟም ተለውጣለች፣ ተሐዋሲውም ተለውጧል።

ከትንኟ እንጀምር።

እኛ የምናውቃት የወባ ትንኝ የገጠር ናት። ረግረግ፣ የወንዝ ዳር ኩሬ፣ የከብት ኮቴ የቋጠረው ውሃ ትወዳለች። ዝናብ ሲቆም እሷም ትቀንሳለች። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባለው ግን ሌላ ነገር ናት። አገሯ ደቡብ እስያ ነው፤ ህንድ ውስጥ በከተማ ወባ ስሟ የተነሳ ነች። አፍሪካ ውስጥ መጀመሪያ የታየችው በ2012 በጅቡቲ ነው። በዚያ ዓመት ጅቡቲ የመዘገበችው የወባ ሕመምተኛ 27 ሰው ነበር። ሃያ ሰባት! በ2020 ቁጥሩ ከ70 ሺህ በላይ ሆነ። አንዲት ትንሽ አገር ወባን ልትሰናበት ጫፍ ላይ ቆማ በስምንት ዓመት ውስጥ እንዲህ ሆነች ማለት ነው።

ከጅቡቲ ወደብ እስከ ድሬዳዋ ያለውን መንገድ እና የባቡር ሐዲድ ለናንተ ማስረዳት አያስፈልገንም። ትንኟ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተገኘችው በ2016 በሶማሌ ክልል ቀብሪደሃር ነው። ከዚያ ተመራማሪዎች በምሥራቅ ከተሞች ሲፈልጓት ሰመራ አለች፣ አዋሽ አለች፣ ድሬዳዋ አለች፣ ደገሃቡር አለች፣ ጎዴ አለች። የምትራባው የት ነው? በበርሜል፣ በሮቶ፣ በግንባታ ቦታ ለሲሚንቶ ማቡኪያ በሚጠራቀም የውሃ ጉድጓድ። ንጹሕ ውሃ ነው የምትወደው። ለዚህች ትንኝ የዝናብ ወቅት የሚባል ነገር ብዙም ትርጉም የለውም፤ ሰው ውሃ እስካጠራቀመላት ድረስ ዓመቱን ሙሉ ክረምት ነው።

በ2022 ድሬዳዋ ላይ የሆነውም ይኸው ነው። በበጋው፣ ማንም ወባን ባልጠበቀበት ወራት፣ ከተማዋ ውስጥና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማደሪያ አካባቢ ወረርሽኝ ተነሳ። ከሦስት ዓመት በፊት ከነበረው ተመሳሳይ ወቅት ጋር ሲነጻጸር የሕመምተኛው ቁጥር ከአሥር እጥፍ በላይ ነበር። የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ቦታው ድረስ ሄደው የታመሙትን ሰዎች ቤትና የጎረቤቶቻቸውን ቤት መረመሩ፤ ያገኟቸው ትንኞች አብዛኞቹ ስቴፈንሲ ናቸው፤ ተሐዋሲውንም ተሸክመው ተገኙ። ጥናቱ ኔቸር ሜዲሲን ላይ ታትሟል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንል አናልፍም፦ ይህች ትንኝ በአፍሪካ ከተማ ውስጥ ወረርሽኝ ማስነሳቷን በማስረጃ አስደግፎ ለዓለም ያሳየው ሥራ በኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች የተመራ ነው። እኛ አገር ምርምር ሲባል መደርደሪያ ላይ አቧራ የሚጠጣ ወረቀት ለሚመስላችሁ ሰዎች ይድረስ።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በአገራችን የወባ መከላከያ ሁለት ምሰሶ ነበረው፦ አጎበርና የቤት ውስጥ ርጭት። ሁለቱም የተሠሩት ማታ ሰው ከተኛ በኋላ ቤት ገብታ ለምትነክስና ግድግዳ ላይ ለምታርፍ ትንኝ ነው። ስቴፈንሲ ደግሞ በጊዜ፣ ሰው ገና ደጅ ተቀምጦ ሲያወራ ትነክሳለች፤ ከብትና ፍየል ባለበት በረት ውስጥም ታድራለች። ከዚህም በላይ የተለመዱትን ብዙዎቹን ፀረ ትንኝ ኬሚካሎች ተላምዳለች። ስለዚህ አጎበሩን ማከፋፈል መቆም የለበትም (የገጠሯ ትንኝ የትም አልሄደችም)፤ ግን ለድሬዳዋ ሰው አጎበር ሰጥቶ «ተከላክያለሁ» ማለት አይቻልም።

ታዲያ ምን ይሠራል? ዕጩን እዚያው በውሃው ውስጥ መግደል። ለዚህ የሚሆን፣ ከባክቴሪያ የሚሠራ፣ ለሰው የማይጎዳ መድኃኒት አለ። ሮቶና በርሜል መክደን። ከሁሉም በላይ ግን ሰው ውሃ የሚያጠራቅመው ለምን እንደሆነ መጠየቅ ነው። ቧንቧው በሳምንት አንዴ የሚመጣለት ሰው በርሜሉን «አትሙላ» ብትሉት ይስቅባችኋል። በእኛ እምነት የምሥራቅ ከተሞች የወባ ጉዳይ ግማሹ የውሃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው፤ ግን ስለ ወባ ስብሰባ ሲጠራ ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጠው ጤና ቢሮ ብቻ ነው። ትንኟ በመጣችበት አገር፣ ለምሳሌ ሙምባይ ውስጥ፣ የውሃ ታንከሩን ክፍት የተወ የሕንፃ ባለቤት ላይ ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ እርምጃ ይወስዳል። የእኛዎቹ ከተሞች ለሕንፃ ፈቃድ ሲሰጡ ስለ ሮቶ ክዳን ይጠይቃሉ? የግንባታ ጉድጓዱንስ ማን ያያል?

አሁን ወደ ሁለተኛው ለውጥ እንምጣ፤ ይኼኛው የበለጠ ያስፈራናል።

በውስጥ መስመር ከሚደርሱን መልእክቶች ውስጥ «ብርድ ብርድ ይለኛል፣ ያተኩሰኛል፣ ተመርምሬ ግን ምንም የለብህም ተባልኩ» የሚሉ ጥቂት አይደሉም። ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ታይፎይድም ታይፈስም አገራችን አለ። ግን ሌላም ዕድል አለ። ጤና ኬላ ላይ ከጣት ደም ተወስዶ በ15 እና 20 ደቂቃ ውስጥ መልስ የሚሰጠው ፈጣን መመርመሪያ ኪት የሚሠራው ተሐዋሲው ራሱን ፈልጎ አይደለም። ፋልሲፓረም የተባለው ገዳዩ የወባ ዓይነት የሚያመርተውን ኤችአርፒ2 የተባለ ፕሮቲን ነው የሚፈልገው። ተሐዋሲው ይህን ፕሮቲን የሚያመርትበትን ጂን ከጣለ ኪቱ አያየውም። ሰውየው ወባ አለበት፤ ኪቱ የለበትም ይላል።

ይህ የሩቅ ግምት አይደለም። በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ክልሎች፣ ከኤርትራ፣ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን በሚዋሰኑ አካባቢዎች፣ ከ12 ሺህ በላይ ሰው የተሳተፈበት ጥናት በ2021 ታትሟል። ከፋልሲፓረም ሕመምተኞች መካከል ወደ 9.7 ከመቶ የሚሆኑት በጂኑ መጥፋት ምክንያት በኪቱ ሊታለፉ እንደሚችሉ ነው ያሳየው። የዓለም ጤና ድርጅት «5 ከመቶ ካለፈ ኪቱን ቀይሩ» ይላል። ጥናቱ ያገኘው የዚያ እጥፍ ገደማ ነው።

እንዴት እንደተስፋፋ ስታስቡት ያስደንቃል። «ሳትመረምር አታክም» የሚለው መመሪያ ጥሩ መመሪያ ነው፤ መድኃኒት እንዳይባክን ይረዳል። ግን ኪቱ የሚያየው ተሐዋሲ በኮአርተም ይሞታል፤ ኪቱ የማያየው ደግሞ ሳይነካ ሰውየው ደም ውስጥ ቆይቶ በሌላ ትንኝ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ዓመት በዓመት የሚተርፈው የተደበቀው ነው። በመመርመራችን ሳናውቀው መደበቅ የሚችለውን መርጠን አራባነው ማለት ነው። ኢትዮጵያ ኪቱን በሌላ ፕሮቲን ላይ በተመሠረተ ዓይነት ወደ መቀየር ገብታለች፤ ግን ኪት መቀየር ማለት ግዢ ነው፣ ጉምሩክ ነው፣ ሥልጠና ነው፣ እስከ መጨረሻው ጤና ኬላ ድረስ ማድረስ ነው። እስከዚያው ኪቱ «ነጻ ነህ» ያለው ሰው ትኩሳቱ ካልለቀቀው ተመልሶ ሄዶ በማይክሮስኮፕ እንዲታይለት ቢጠይቅ መብቱ ነው። ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችንም ይህን ሲጠየቁ መቆጣት የለባቸውም።

መድኃኒቱስ? ኮአርተም ዛሬም ይሠራል፤ ይህን በግልጽ እንበል፣ ማንም ፈርቶ መድኃኒቱን እንዳይተው። ነገር ግን በውስጡ ያለውን የአርቴሚሲኒን ክፍል በፍጥነት እንዳይገድለው የሚያደርግ የጂን ለውጥ ያለው ተሐዋሲ በአፍሪካ ቀንድ ታይቷል። በኤርትራ ተረጋግጧል፤ ምልክቱ በኢትዮጵያም ተገኝቷል። ከላይ የጠቀስነው የድሬዳዋ ጥናት ይህንንም፣ ከኪቱ የሚደበቀውንም ዓይነት እዚያው አግኝቷል። አዲሷ ትንኝ፣ የተደበቀው ተሐዋሲ፣ መድኃኒት የሚፈትነው ተሐዋሲ፤ ሦስቱ አንድ ከተማ ውስጥ። ኢትዮጵያ ክሎሮኪን አልሠራ ሲላት ወደ ፋንሲዳር፣ እሱም ሲያቅተው በ2004 ወደ ኮአርተም ተሸጋግራለች። ከኮአርተም በኋላ የሚመጣው ግን ያን ያህል ሰፊ ምርጫ ያለው አይደለም። ሦስት ቀን መወሰድ ያለበትን ኪኒን በሁለተኛው ቀን ሲሻላችሁ «ለሌላ ጊዜ ይሆናል» ብላችሁ ኮመዲኖ ውስጥ የምታስቀምጡ ሰዎች፣ እባካችሁ!

ክትባቱስ የምትሉን አላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለሕፃናት የሚሆኑ ሁለት ክትባቶችን አጽድቋል፤ ጥሩ ዜና ነው። ሁለቱም ግን ለፋልሲፓረም የተሠሩ ናቸው። እኛ አገር ደግሞ ቪቫክስ የሚባለውም ዓይነት ብዙ ነው፤ እሱ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ከወራት በኋላ የሚነሳው ነው። ስለዚህ ክትባት መጣ ብሎ ሌላውን መርሳት አይቻልም።

ይህን ሁሉ ያወቅነው እንዴት ነው? ሰው ደጅ ለደጅ ሄዶ ትንኝ ስለያዘ፣ የደም ናሙና ስለሰበሰበ፣ ላብራቶሪ ውስጥ ጂኑን ስላየ ነው። ይህ ሥራ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ገንዘቡ ደግሞ ለዓመታት በብዛት የመጣው ከውጭ ነው። በጥር 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያግድ የጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5 ሺህ ያህል የጤና ባለሙያዎች ውል እንዲቋረጥ ማዘዙ ተዘግቧል። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የወባ ኢኒሼቲቭ የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ ርጭትን፣ አጎበርን፣ የትንኝ ክትትልን ከ2008 ጀምሮ ሲደግፍ የቆየ ነው። አጎበር ሲጠፋ ሕዝቡ ያያል፣ ይጮኻል። የትንኝ ክትትል ሲቆም ግን ማንም አይጮኽም፤ የሚታወቀው ወረርሽኝ ሲነሳ ነው። እኛን የሚያሳስበን ይኼ ነው። በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠው ድምፅ የሌለው ነው።

«አዲስ አበባ ያለሁት ምን አገባኝ?» የሚል ካለ ደግሞ፦ ከአገሪቱ መሬት 75 ከመቶ ገደማ የሚሆነው ወባ ሊነሳበት የሚችል ነው፤ ከሕዝቡ ወደ 69 ከመቶ ለአደጋው ተጋላጭ ነው። ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራና መተማ ወርዶ የሚመለሰው የደጋ ሰው በደሙ ይዞት ይመጣል። ትልልቆቻችን ደግሞ እ.ኤ.አ. የ1958ቱን ያስታውሳሉ፤ በዚያ ዓመት ወባ ወደ ደጋው ጭምር ወጥቶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህል እንደሞተ ይገመታል። ደጋ መኖር ዋስትና ሆኖ አያውቅም።

በሚቀጥሉት ሳምንታት ከምሥራቅ ከተሞች ስለ ሮቶ፣ ስለ ውሃ ፈረቃ፣ ስለ ዕጩ ርጭት ያላችሁን ፎቶና መረጃ ላኩልን። በተለይ ጅግጅጋ፣ ሰመራና ድሬዳዋ ያላችሁ፦ ሰፈራችሁ ውስጥ የውሃ ማጠራቀሚያ አይቶ መድኃኒት የጨመረ ሰው በዚህ ዓመት መጥቶ ያውቃል ወይ? መጥቶ ከሆነ በየስንት ጊዜው? መልሳችሁን ሰብስበን ለሚመለከታቸው ቢሮዎች እንጠይቃለን፤ የሚሰጡንንም ምላሽ እዚሁ እናወጣለን።