ከክረምት በኋላ ያለችው ችግኝ

ባለፈው ወር በአንድ የጽዋ ማኅበር ላይ ተገኝተን ሳለ ስለ ዝናም መዛባት ወሬ ተነሣ። አንዱ የበልጉን መቅረት፥ ሌላው የክረምቱን ዘግይቶ መግባት፥ ሦስተኛው እህል ታጭዶ ከተከመረ በኋላ የሚመጣውን ያልታሰበ ዝናም እያነሣ ሲጫወት፥ በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው፥ «የአየሩን ጠባይ የለወጠው ጭስ ነው ይላሉ። ታዲያ የእኔ አንድ ምድጃ ናት ዓለሙን ያጨሰችው?» ሲሉ ጠየቁ። ከአጠገባቸው የተቀመጠው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደግሞ፥ «እማማ፥ አይድከሙ፤ ነገሩ አልፏል። ከእንግዲህ እርስዎ ቢያጨሱም ባያጨሱም ለውጥ የለውም» አላቸው። ማኅበርተኛው ሣቀ፤ ጠበሉም ቀረበና ነገሩ በዚያው ተቋረጠ።

እኛም ያን ዕለት የሚገባውን መልስ ሳንሰጥ ወደ ቤታችን ተመለስን። በኋላ ግን ስናስበው፥ የእናታችን ጥያቄና የወጣቱ መልስ ምንም እንኳ የተለያዩ ቢመስሉ መድረሻቸው አንድ ሆኖ አገኘነው። አንደኛዋ «እኔ አይደለሁም» ብለው እጃቸውን ያጥፋሉ፤ ሁለተኛው «ዘግይቷል» ብሎ እጁን ያጥፋል። ስለዚህ በዚህ ወር ዓምዳችን ለሁለቱም እንደየጥያቄያቸው ልንመልስ ወደድን።

አስቀድሞ እናታችን እውነት አላቸው። ከከርሰ ምድር የሚወጣው ከሰል፥ ነዳጅ ዘይትና ጋዝ ሲነድ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባል አየር ይወጣል። ይህም አየር ምድርን እንደ ጋቢ ይሸፍናትና ከፀሐይ የተቀበለችው ሙቀት በቶሎ እንዳይወጣ ያደርጋል። በሐዋይ ደሴት በማውና ሎአ ተራራ ላይ ሊቃውንት ይህን አየር መለካት የጀመሩት በ1950 ዓ.ም. ሲሆን፥ በዚያን ጊዜ ከሚሊዮን እጅ 315 ያህል ነበር። ዛሬ ከ420 በላይ ሆኗል። ፋብሪካ ከመስፋፋቱ በፊት ግን 280 ገደማ እንደ ነበረ ይታወቃል። በፈረንጆች አቆጣጠር 2024 ዓ.ም. የዓለም አማካይ ሙቀት ከዚያ ከቀድሞው ዘመን በአንድ ዲግሪ ተኩል ያህል በልጦ ተገኝቷል። ይህን ሁሉ ያነደደው የማን እጅ ነው ቢባል፥ የአፍሪካ አህጉር በሙሉ ከየዓመቱ ጭስ ያለው ድርሻ ከመቶ አራት እጅ እንኳ አይሞላም። አንድ አሜሪካ የሚኖር ሰው በዓመት በአማካይ ዐሥራ አራት ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያወጣ፥ የአንድ ኢትዮጵያዊ ከከሰልና ከነዳጅ የሚወጣው ድርሻ ሩብ ቶን አይሞላም። (ይህን መጽሔት በባሕር ማዶ የምታነቡ ወገኖቻችን፥ በዚህ ሂሳብ የምትቈጠሩት በምትኖሩበት አገር በኩል መሆኑን ልብ በሉት፤ መኪናችሁና የቤታችሁ ማሞቂያ ከእናታችን ምድጃ ጋር የሚወዳደሩ አይደሉም።)

እንግዲህ ዕዳው የሌላ ነው። ዳሩ ግን ባለዕዳው ሌላ ስለ ሆነ መከራው ቤታችንን አልፎ አይሄድም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በቦረናና በሶማሌ አገር አምስት የዝናም ወራት በተከታታይ ቀርተው የአርብቶ አደሩ ከብት አልቋል፤ ከጭሱ ግን ከማንም ያነሰ ድርሻ የነበራቸው እነዚሁ ነበሩ። ጎረቤት ባነሣው እሳት ቤቱ የተያያዘበት ሰው፥ እሳቱን ማን እንዳስነሣ የሚሟገትበት ጊዜ ቢኖረውም እስከዚያው ውኃ መቅዳቱን አይተውም።

ወደ ወጣቱ እንመለስ። «አልፏል» የሚለው ቃል የተማረ ሰው ቃል ይመስላል፤ ነገር ግን ካየነው ነገር ጋር አይስማማም። የፀሐይን ጎጂ ጨረር የሚከለክለው ኦዞን የሚባለው ሽፋን በማቀዝቀዣና በመሳሰሉት መሣሪያዎች ውስጥ በሚገባ አየር ምክንያት መሳሳቱ በታወቀ ጊዜ፥ መንግሥታት በ1980 ዓ.ም. መግቢያ በሞንትሪያል ከተማ ተስማምተው ያን አየር ማስወገድ ጀመሩ። ሽፋኑ ዛሬ ቀስ በቀስ በመዳን ላይ ነው። የካርቦኑ ነገር ከዚያ እጅግ የከበደ መሆኑን አንክድም፤ ሰው ያበላሸውን ሰው ሊያቆመው የሚችል መሆኑን ግን ይህ በቂ ምስክር ነው።

ከዚህ ይልቅ ልባችንን የነካው የጉቶው ታሪክ ነው። በምዕራብ አፍሪካ በኒጀር አገር፥ ማራዲ በሚባል አውራጃ፥ ቶኒ ሪናውዶ የተባለ አንድ አውስትራልያዊ ችግኝ እያፈላ ለገበሬዎች ያድል ነበር። ችግኙ ግን አብዛኛው ይደርቅበታል፤ ገበሬውም ይሰለቻል፤ ሰውየውም ተስፋ ሊቈርጥ ቀርቦ ነበር። በ1975 ዓ.ም. አንድ ቀን በመንገዱ ላይ ቆሞ፥ ዘወትር ቊጥቋጦ እየመሰለው ያልፈው የነበረውን ነገር ጠጋ ብሎ ቢመለከተው፥ ቊጥቋጦ ሳይሆን የተቈረጠ ዛፍ ጉቶ ያበቀለው ለጋ ቅርንጫፍ ሆኖ አገኘው። ዛፉ ከላይ ቢጠፋም ሥሩ ከምድር በታች በሕይወት ነበረ። ከዚያ በኋላ ችግኝ ማደሉን ትቶ፥ ገበሬው ከየጉቶው ጠንካራውን ቡቃያ መርጦ እንዲተው፥ የቀረውን እንዲመለምል፥ ከከብትም እንዲጠብቅ አስተማረ። ከሃያ ዓመት በኋላ በኒጀር በዚህ መንገድ የለማው መሬት አምስት ሚሊዮን ሄክታር ያህል ደረሰ። ለዚህ ሁሉ ያስፈለገው ቢላዋና ትዕግሥት ብቻ ነበር።

ይኸው ጥበብ ወደ እኛም አገር መጥቶ በወላይታ በሁምቦ ተራራ ላይ ተሠርቶበታል። በዚያ ቦታ ማገዶና ከሰል ሲወጣበት ኖሮ ተራራው ተራቁቶ፥ ጎርፉም ከታች ያለውን እርሻ ያስቸግር ነበር። የአካባቢው ገበሬዎች በሰባት ማኅበራት ተደራጅተው 2,728 ሄክታር ከልለው ጉቶው እንዲያቈጠቊጥ ተዉት። ዛሬ ተራራው ደን ለብሷል። ደኑ ለሚውጠው ካርቦን ገንዘብ የሚከፈልበት ውል በ2002 ዓ.ም. ተመዝግቦላቸው ገቢ አግኝተውበታል።

ሆኖም ጉቶም ሥርም ያልቀረበት ቦታ ምን ይሆናል? እዚህ ላይ የአገራችን አብያተ ክርስቲያናት ዐፀድ ይታወሳል። በደቡብ ጎንደር ላይ በአውሮፕላን ያለፈ ሰው፥ በታረሰው ቡናማ መሬት መካከል እንደ አረንጓዴ ቊልፍ እዚህም እዚያም የተበተኑ ክብ ክብ ደኖችን ያያል። በየአንዳንዱ ደን መካከል አንድ ቤተ ክርስቲያን አለ። ዝግባው፥ ወይራው፥ ጥዱ፥ ኮሶው በዚያ የተረፈው፥ አባቶቻችን ዐፀዱን እንደ ቤተ መቅደሱ ልብስ አድርገው ስላከበሩት ነው። ስለ እነዚህ ደኖች ያጠኑት የደን ሊቅ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከባልደረቦቻቸው ጋር እንዳሳዩት፥ የብዙዎቹ የአገራችን ዛፎች ዘር በአፈር ውስጥ ለረጅም ዘመን ተኝቶ የሚጠብቅ አይደለም። ስለዚህ እናት ዛፎቹ ከጠፉ ከአፈሩ ተመልሶ የሚነሣ ነገር አይኖርም፤ የቀረው ዘር በእነዚያ ዐፀዶች ውስጥ ያለው ነው ማለት ነው። ጠላቱም መጥረቢያ ብቻ አይደለም፤ የሚበቅለውን ለጋ ችግኝ የሚግጠውና የሚረግጠው ከብት ጭምር ነው እንጂ።

ስለዚህ ዶክተር ዓለማየሁ ማርጋሬት ሎውማን ከተባሉት አሜሪካዊት የደን ሊቅ ጋር ሆነው ካህናቱንና ምእመናኑን አማከሩ። ሕዝቡም በየእርሻው ተበትኖ ማረሻ የሚሰብረውን ድንጋይ እየለቀመ በዐፀዱ ዙሪያ ካብ ካበ። እርሻው ከድንጋይ ጸዳ፤ ዐፀዱም ከከብት ተጠበቀ፤ በካቡ ውስጥ ችግኙ በቀለ። ለዚህ ሥራ ከሩቅ አገር የመጣ ዕቃ የለም። ድንጋዩም የዚያው፥ እጁም የዚያው ነበር።

አሁን የራሳችንን ጥፋት እንናገር። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ችግኝ በተተከለበት ዕለት እኛም ከቤተ ሰባችን ጋር ወጥተን በአንድ ገደላማ ስፍራ አርባ ችግኝ ተከልን። ልጆቹ በጭቃ ተለውሰው ተደሰቱ፤ ፎቶግራፍም ተነሣን። ከዚያ በኋላ ግን ተመልሶ ያየው ሰው የለም። በጥር ወር በዚያ ስናልፍ ትንሹ ልጃችን ዛፎቹን ልይ ብሎ ወረደና እየቈጠረ ሄደ፤ «ሦስት» ብሎ ተመለሰ። ፊቱን ለማየት አፈርን። ከሦስቱም አንዲቱ ዋንዛ ብቻ ደኅና ነበረች፤ ዙሪያዋን በእሾህ ታጥራለች። ያጠራት ማን እንደ ሆነ ብንጠይቅ በዚያ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ነበር። ለምን እንዳጠራት ሲጠየቅም፥ «እዚህ ጥላ የለማ» አለን። እኛ አርባ ተክለን ሠላሳ ሰባቱን ስንገድል፥ አንዲት እንኳ ያልተከለው እረኛ አንዲቱን አዳነ።

ከዚህ የተነሣ ዛሬ የምንለው ስንት ችግኝ ተከላችሁ አይደለም። በሐምሌ የተተከለ ችግኝ የሚሞተው በክረምት አይደለምና፤ የሚሞተው ዝናሙ ካባራ በኋላ፥ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ደረቅ ወራት ነው። በየቤታችሁ በዘንድሮው ክረምት የተከላችሁ ሁሉ አሁን ውጡና ቊጠሩ፤ ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ውጡ። ጎመን የታጠበበት ውኃ ይበቃታል። ሣር በሥሯ ብትነሰንሱላት እርጥበቱ ይቈይላታል። ባሕር ዛፍን ልንነቅፍ አይደለም፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ገብቶ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር ያዳናት እርሱ ነው። ነገር ግን በምንጭ አጠገብ የምትተክሉ ከሆነ ዋንዛ ወይም ሾላ ይሻላችኋል።

ከምድጃውም አንለፍ፤ እናታችን የጠየቁት ስለ ምድጃ ነበርና። ከቤት ማገዶ ትልቁን ድርሻ የሚበላው እንጀራ መጋገር መሆኑን ባለቤቶቻችን ያውቁታል። ምርጥ ምድጃ የሚባለው ከሦስት ጉልቻ ይልቅ ማገዶውን እስከ እኩሌታ ይቈጥባል፤ ጭሱም ከእናቲቱ ዓይንና ሳንባ ይርቃል። ዋጋው ለሁሉ ቤት ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ ዕቁብ ወይም ማኅበር ያላቸው ተረዳድተው ቢገዙ መልካም ነው። መብራት ያለው ቤት በኤሌክትሪክ ምጣድ ቢጋግር፥ የአገራችን መብራት አብዛኛው ከወንዞቻችን የሚመጣ ስለ ሆነ ጉዳት የለውም። ስለ ድግስም ልንናገር ግድ ነው። ለክርስትናና ለሠርግ ብለን ስንት ሸክም እንጨት እናነዳለን፤ በማግስቱስ ስንት ሙሉ ድስት ወጥ ይደፋል? ይህን ስንጽፍ የሚከፋው ሰው እንዳለ እናውቃለን፤ እኛም በገዛ ቤታችን ድግስ ይህንኑ አድርገናል።

ጾማችንን ግን አንርሳ። ከዓመቱ እኩሌታ የሚያህለውን ያለ ሥጋና ያለ ወተት ማሳለፍ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ከብት እርባታ አየሩን ከሚያሞቁት ምክንያቶች አንዱ መሆኑን ያወቁ የሩቅ አገር ሰዎች ዛሬ በሳምንት አንድ ቀን ሥጋ እንተው እያሉ ሲመካከሩ እንሰማለን። እኛ የጀመርነው ለሌላ ምክንያት ነው፤ ቢሆንም ሽሮአችን በዚህም በኩል ተመስክሮለታል።

ያችን ዋንዛ ባለፈው እሑድ ሄደን አየናት። ከእኛ ቁመት በላይ ሆናለች፤ ከሥሯም ሁለት ፍየሎች ተኝተው ነበር። ከጎኗ ዘንድሮ በሐምሌ የተከልናቸው ስድስት ችግኞች አሉ፤ ሁሉንም በእሾህ አጥረናቸዋል። እናታችንም ይህን ሰምተው ለኅዳር ሚካኤል ማግስት አብረውን ሊሄዱ ቀጠሮ ይዘዋል። የውኃውን ጄሪካን የሚሸከመው ያ ተማሪ ነው።