ፊደል የለየ ሁሉ መንገድ ያያል?

የመንጃ ፈቃዱ መታደሻ የደረሰ ሹፌር ሜዲካል ለማሠራት ጤና ተቋም ይሄዳል። ሰሌዳው ፊት ይቆማል፣ አንድ ዓይኑን ይሸፍናል፣ የላቲኗ ኢ ፊደል እግሮቿ ወዴት እንደዞሩ በጣቱ ያሳያል። ሌላውንም ዓይን እንዲሁ። ፈተናው በዚህ ካበቃ ማህተም ይመታለታል፤ ከሰዓት በኋላ ሚኒባሱን አስነስቶ ሰው ይጭናል።

ሹፌሩም ተሳፋሪውም «ዓይኑ ተመርምሯል» ብለው ያምናሉ። የተመረመረው ግን ከዓይን ሥራዎች አንዱ ብቻ ነው።

የፊደል ሰሌዳ የቆየ መሣሪያ ነው፤ ኔዘርላንዳዊው የዓይን ሐኪም ኸርማን ስኔለን በ1862 እ.ኤ.አ. ካወጣው ወዲህ ዓለም ሁሉ ይጠቀምበታል። የሚለካው የመሀሉን እይታ ጥራት ነው፤ ሰውየው ትክ ብሎ ያየውን ነገር ምን ያህል አጥርቶ እንደሚለይ። መንገድ ላይ ግን አደጋ ሁልጊዜ ከፊት ለፊት አይመጣም። ከቆመ አውቶብስ ጀርባ ብቅ የሚል ልጅ፣ ከቀኝ ዘው የሚል ባጃጅ፣ ከዳር ወደ አስፋልት የሚገባ የበግ መንጋ፣ ሁሉም በመጀመሪያ የሚታዩት በዓይን ዳር ነው። በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች መሆናቸው ሲታሰብ ደግሞ ይህ ዳር ቀላል ነገር አይደለም።

ግላኮማ የሚሰርቀው ይህንኑ ዳር ነው። በተለምዶ «የዓይን ግፊት» የሚባለው ይህ በሽታ የዓይንን ነርቭ ቀስ እያለ ይጎዳል። በብዛት የሚታየው ዓይነቱ አያምም፣ ዓይን አያቀላም። እይታ ከጎን እየጠበበ ሲሄድ አንጎል የጎደለውን ስለሚሞላ ባለቤቱ ራሱ አያውቀውም። የመሀሉ እይታ እስከ መጨረሻው ስለሚቆይ ብዙ የእይታ መስኩን ያጣ ሰው የሰሌዳውን ትንንሽ ፊደል አሳምሮ ሊያነብ ይችላል። በሽታው በጥቁር ሕዝቦች ዘንድ ይበልጥ ይታያል፣ በቤተሰብ ይወረሳል፣ ከ40 ዓመት በላይ ደግሞ እየጨመረ ይሄዳል። የረጅም ጊዜ ልምድ ያላቸው ሹፌሮች የሚገኙትም በዚሁ ዕድሜ ላይ ነው።

የዓይን ሞራ ሌላ ጠባይ አለው። እይታን ያደበዝዛል፣ በሌሊት የመጪው መኪና መብራት እንዲበተንና እንዲያጥበረብር ያደርጋል። በቀን ብርሃን ሰሌዳውን ያለፈ ሰው ማታ አስፋልቱ ሊጠፋበት ይችላል። ሆኖም የሞራ ነገር ተስፋ አለው፤ ቀዶ ሕክምናው አጭር ነው፣ እይታውም ብዙ ጊዜ ይመለሳል። በግላኮማ የጠፋ እይታ ግን አይመለስም፤ ጠብታና ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁት የቀረውን ነው። ስለዚህ ቀድሞ ማወቅ ማለት ለሹፌሩ እንጀራ፣ ለእግረኛው ሕይወት ነው።

ታዲያ ሹፌሩ ለምን ቀድሞ አይታይም? ምክንያቱ ግልጽ ነው። ልጆቹን የሚያሳድገው በመሪው ነው። በሽታውን መናገር መንጃ ፈቃድን መነጠቅ መስሎ ከታየው ዝም ይላል፤ ሰሌዳውም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ከሆነ በቃሉ ይዞት ይገባል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ እዚህ ላይ ግን ሰውየው እንዲደብቅ የሚገፋው አሠራሩ ነው። ውሳኔው «ብቁ» ወይም «ብቁ ያልሆነ» ብቻ እስከሆነ ድረስ እውነት ተናጋሪው ይቀጣል፣ ደባቂው ያድራል።

ሌሎች አገሮች ይህን በደረጃ ይዘውታል። የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ ለቤት መኪና ነጂ የእይታ ጥራት ቢያንስ 0.5 እንዲሆን ይጠይቃል፤ ይህም ጤናማ ዓይን በ12 ሜትር የሚያነበውን በ6 ሜትር ማንበብ ነው። ከዚህ ጋር የጎን እይታው ቢያንስ 120 ዲግሪ መሆን አለበት። ለአውቶብስና ለከባድ መኪና መስፈርቱ ከፍ ይላል፤ የጎን እይታው 160 ዲግሪ ነው። በብሪታንያ በሁለቱም ዓይኑ ግላኮማ ያለበት ነጂ ለመንጃ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ማሳወቁ ግን ፈቃዱን አያስነጥቀውም፤ የእይታ መስክ ምርመራ ያደርጋል፣ መስፈርቱን ካሟላ መንዳቱን ይቀጥላል። አንድ ዓይኑን ያጣ ሰውም የቀረው ዓይን መስፈርቱን ካሟላና ከለመደው የቤት መኪና መንዳት ይችላል።

«እኛ ጋ ያ ሁሉ መሣሪያ የት አለ?» የሚል መከራከሪያ ይነሳል። እውነት ነው፤ የእይታ መስክን የሚለካው ማሽን በየጤና ጣቢያው አይገኝም። ለመጀመሪያው ማጣሪያ ግን ማሽን አያስፈልግም። መርማሪውና ሹፌሩ አንድ ሜትር ያህል ተራርቀው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ሹፌሩ አንድ ዓይኑን ሸፍኖ የመርማሪውን ዓይን ትክ ብሎ ያያል፤ መርማሪው ጣቱን ከዳር ወደ መሀል እያመጣ «ሲታይዎት ይንገሩኝ» ይለዋል። ይህ ዘዴ ጀማሪውን ግላኮማ ሊያመልጠው ይችላል፤ መንገድ ላይ ሰው የሚያስገጨውን ትልቅ ጉድለት ግን ብዙ ጊዜ ይይዛል። ጥርጣሬ ያደረበት ብቻ ወደ ዓይን ሐኪም ይላካል።

ውሳኔውም ደረጃ ይኑረው። መነጽር አድርጎ የሚነዳ፣ በቀን ብቻ የሚነዳ፣ በየዓመቱ እየታየ የሚያድስ፣ የሕዝብ ማመላለሻ ትቶ የቤት መኪና የሚነዳ፣ ሞራው እስኪገፈፍ ብቻ የሚያርፍ። ጨርሶ የማያይ በእርግጥ ማቆም አለበት፤ ለዚያ ሰው ማዘን ተሳፋሪውን አሳልፎ መስጠት አይደለም። የምርመራውን ወጪ ሹፌሩ ብቻውን እንዲሸከም ማድረግም ፍርድ አይደለም፤ ከእሱ ላብ የሚያተርፉት ባለንብረቶችና ማኅበራት ድርሻ አላቸው።

መንጃ ፈቃድ ላይ የሚያርፈው የጤና ማህተም ሹፌሩን አይተው ለማያውቁ ሰዎች የተሰጠ ቃል ነው። ዛሬ ማታ ዜብራ ላይ የምትሻገረው እናት ሹፌሩ ፊደል ማንበቡ አይጠቅማትም፤ የሚጠቅማት እሷን ማየቱ ነው።