ከ«ጀምበር» ጀምሩ
ግንደወይን ያለ ተማሪ የልዕለ ጀግኖችን ሥዕላዊ ታሪክ ከየት ልጀምር ቢለኝ፣ ሳላመነታ «ጀምበር» እለዋለሁ። ሱፐርማን ከ1938 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲጻፍ ኖሯል፤ ሁሉንም ከሥር ላንብብ የሚል መሐል መንገድ ላይ ይደክመዋል፤ ስለዚህ ከእሱ አንድ በራሱ የሚያልቅ ታሪክ መርጦ ኋላ ቢያነብ ይበቃል። የብሥራት ደበበ «ጀምበር» ግን በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ በአማርኛም የተዘጋጀ ሥራ ነው። ጀግናው አማኑኤል ጥላሁን ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው፤ ኃይሉን የሚያገኘውም በዚያው ፍለጋ መሐል ነው። ይህን ኑሮ የቢቸናም የሞጣም ተመራቂ ያውቀዋል፤ አስረጂ አያሻውም። ከመጀመሪያው ቅጽ ጀምሩ፣ ቀጥሎ የዚሁ ደራሲ የሆነውን «ሀዊ»ን አንብቡ። የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ኃላፊዎችም የአማርኛውን ቅጂ ለተማሪዎቻችሁ አስመጡላቸው።