ማህሙድ ዐብዱረኡፍ የከፈለው ዋጋና የእኛ ጀመዓ



በጀመዓችን የቴሌግራም ግሩፕ ማህሙድ ዐብዱረኡፍ በየጊዜው ብቅ ይላል። አጭር ቪዲዮ ነው። የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ለብሔራዊ መዝሙር ተሰልፈው ሲቆሙ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እጁን ዘርግቶ ዱዓ ያደርጋል። ከሥሩ «ማሻአላህ»፣ «ኢማን ማለት ይሄ ነው» የሚል ይደረደራል፤ ከዚያ ሁሉም ወደ ጉዳዩ። ቪዲዮው ግን የሚያሳየው ከቅጣት የተመለሰበትን ቀን ነው፤ ከሊጉ ጋር ተስማምቶ የቆመበትን። ዋናው ታሪክ ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ነው ያለው፤ እሱን ደግሞ ማንም ሼር ሲያደርገው አላየሁም።

ልጁ እ.ኤ.አ. በ1969 ሚሲሲፒ ውስጥ፣ ገልፍፖርት በምትባል ከተማ ተወለደ። ስሙ ክሪስ ጃክሰን ነበር። እናቱ ብቻዋን በድህነት አሳደገችው። ቱሬት ሲንድሮም የሚባል፣ ሰውነትን ያለ ፈቃድ የሚያንቀሳቅስ የነርቭ ሕመም አለበት፤ አንድን ነገር ልክ እስኪመጣ ድረስ ደጋግሞ ካልሠራው ዕረፍት የለውም። ኳሷ ብረቱን ሳትነካ መረቡ ውስጥ ካልገባች ከልምምድ አይወጣም ነበር። ቁመቱ 1 ሜትር ከ85 ገደማ ነው፤ በቅርጫት ኳስ ዓለም አጭር የሚባል። በ1988 ሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ገና ፍሬሽ ሳለ በየጨዋታው በአማካይ 30.2 ነጥብ አስቆጠረ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1990፣ ዴንቨር ነጌትስ በሦስተኛ ምርጫ ወሰደው።

ወደ ኢስላም የመጣው በንባብ መሆኑ ለእኛ ለተማሪዎች ደስ ሊለን ይገባል። የዩኒቨርሲቲው አሠልጣኝ የማልኮም ኤክስን የሕይወት ታሪክ ሰጠው፤ ከዚያ ጥያቄው ጥያቄ እየወለደ ሄደ። በ1991 ሰለመ፣ በ1993 ስሙን ቀየረ። በ1993–94 የውድድር ዓመት ከወረወራቸው 229 ፍሪ ስሮው 219ኙን አስገብቷል። ፍሪ ስሮው ወርውሮ የሚያውቅ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም።

በ1995–96 በየጨዋታው 19.2 ነጥብና 6.8 አሲስት ይዞ በብቃቱ ጫፍ ላይ ነበር። በዚያው ዓመት ለመዝሙሩ መቆም አቆመ። ባንዲራው ለእሱ የጭቆና ምልክት እንደሆነ፣ ለዚህ መቆምም ከእምነቱ ጋር እንደማይሄድ ተናገረ። ለወራት ልብ ያለው አልነበረም። መጋቢት 1996 ላይ ጋዜጠኞች አነሱት፤ ሊጉም አገደው። እገዳው የቆየው አንድ ጨዋታ ሲሆን የቀረበት ክፍያ 31,707 ዶላር ነው። እየቆመ በልቡ ዱዓ እንዲያደርግ ተስማምተው ተመለሰ። በዚያው ሰሞን የዴንቨር ሬዲዮ ጣቢያ ሠራተኞች መስጂድ ድረስ ገብተው መዝሙሩን በመለከት ነፉ።

ሙስሊሙስ? ተከፋፈለ። ያኔ የሊጉ ትልቁ ሙስሊም ኮከብ ሐኪም ኦላጁዎን ነበር፤ በረመዳን እየጾመ ተጫውቶ የካቲት 1995 የወሩ ምርጥ ተጫዋች የተባለው ሰው። እሱም ኢስላም የሚያስተምረው ማክበርንና መታዘዝን ነው በሚል አቋሙን እንዳልተጋራው ተናገረ። ፊቅሁን ለዓሊሞች እተወዋለሁ፤ መቆሙ ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚለው የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። የእኔ ጉዳይ በአቋሙ የማይስማማ ሙስሊም እንኳ ለሰውየው እንጀራ ሊቆምለት ይችል እንደነበር ነው።

እንጀራው ግን ሄደ። በዚያው ክረምት ዴንቨር የቡድኑን መሪ ነጥብ አስቆጣሪ ለሳክራሜንቶ አሳልፎ ሰጠው። በ1997–98 የተሰለፈው በ31 ጨዋታ ብቻ ነው። ውሉ ሲያልቅ ፈላጊ ጠፋና በ29 ዓመቱ ወደ ቱርክ፣ ወደ ፌነርባህቼ ሄደ። በ2000–01 ለቫንኩቨር ለአንድ ዓመት ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲያ ሩሲያ፣ ጣሊያን፣ ግሪክ፣ ሳዑዲ፣ ጃፓን። በ2001 ሚሲሲፒ ያለው ቤቱ በእሳት ጋየ። ዩኒቨርሲቲው ማልያውን በክብር የሰቀለለት በ2020 ነው፤ ሰውየው ሃምሳ ዓመት ሲያልፈው።

«ሪዝቅ ከአላህ ነው፣ ምንም አልከሰረም» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ሪዝቅ ከአላህ ነው፤ ግመሏን ማሰርም የተወኩል አካል መሆኑን ግን ሁላችንም በደርስ ተምረናል። አንድ ሰው ብቻውን ዋጋ ሲከፍል ዳር ቆሞ «ማሻአላህ» ማለት ቀላል ነው።

ሌላም ጋርድ አለች፤ ቢልቂስ ዐብዱልቃድር። በማሳቹሴትስ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለች 3,070 ነጥብ አስቆጥራ የግዛቲቱን ክብረ ወሰን ከወንድም ከሴትም ወሰደች። በሜምፊስ ዩኒቨርሲቲ በሒጃብ ተጫወተች። በ2014 ተመርቃ በአውሮፓ በሙያው ልትቀጥል ስትል የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን፣ የፊባ ደንብ ጭንቅላት መሸፈንን ይከለክል ነበር። በዚያው ዓመት የኳታር ሴቶች ቡድን በዚሁ ደንብ ምክንያት ከኤሲያ ጨዋታዎች ወጥቷል። ቢልቂስ ግን ቤቷ አልተቀመጠችም። እንደ ቦስኒያዊት አሜሪካዊቷ ኢንዲራ ካልዮ ካሉ እህቶች ጋር ፊርማ ተሰበሰበ፣ ተጻፈ፣ ተነገረ። ፊባ ደንቡን ግንቦት 2017 ለወጠ፤ ከጥቅምት 1 ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ። ለእሷ ረፍዶባት ነበር፤ ዛሬ በሒጃብ ለምትጫወት ልጅ ግን በሩ ክፍት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ይሄን ሁሉ የማወራው ስለ ቅርጫት ኳስ አይደለም (ምንም እንኳ ከዙህር በኋላ ሜዳ ላይ የማትጠፉ ብትኖሩም)። ከእኛ ግቢ ብዙዎቻችን ለአፓረንትም ለሥራም መጀመሪያ የምንረግጠው ሃያ ሁለትና ቦሌ ያሉትን ሕንፃዎች ነው። ባለፈው ዓመት እዚያው ሃያ ሁለት አፓረንት የወጣች እህታችን ዙህርን የምትሰግደው ደረጃ ሥር፣ የጽዳት ዕቃ በሚቀመጥበት ጥግ ነበር፤ ለማንም አልተናገረችም፣ ለእኛም ጭምር። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዓርብ ከ5:30 እስከ 7:30 ለምሳ ይወጣል፤ ጁሙዓም ይደርሳል። የግል ድርጅት ውስጥ ግን እያንዳንዱ ልጅ አለቃውን ለብቻው ይለምናል። አንዱ ይፈቀድለታል፣ ሌላው ይፈራና ጁሙዓውን ይተዋል።

ሕጉ ባዶ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛን በሃይማኖቱ ማሰናበት አይፈቅድም። ችግሩ፣ ሃያ ዓመት ያልሞላት ወይም ገና ያለፋት ልጅ አዋጅ ይዛ አለቃዋ ቢሮ አትገባም፤ እንድትገባም አልጠብቅባትም። ጀመዓችን ግን ደብዳቤ መጻፍ ይችላል። ለዓመታዊው ኢፍጣር ስፖንሰር ፍለጋ ስንት ደብዳቤ በስንት ማኅተም እንደምንበትን እናውቃለን። አፓረንት ከመጀመሩ በፊት ለየድርጅቱ አንድ ገጽ፣ በትሕትና፦ ተማሪያችን ለሶላት አሥር ደቂቃና ንጹሕ ጥግ፣ ለጁሙዓ የሚካካስ ሰዓት ትፈልጋለች ወይም ይፈልጋል። ከዚያ ደግሞ ሃያ ሁለት፣ መገናኛና ቦሌ የሚሠሩ የቀድሞ አባሎቻችን ዝርዝር፤ አዲስ የወጣው ልጅ ስልክ የሚደውልለት ሰው እንዲኖረው።

ደብዳቤውን የሚያረቅቁ የሕግ ተማሪዎች ሦስት ቢሆኑ ይበቃሉ። ዝርዝሩን ደግሞ አንድ ትዕግሥት ያላት እህት ብትይዘው ጥሩ ነው፤ ወንዶቹ የያዝነው ያለፈው ዝርዝር የት እንደገባ አይታወቅም። ፈቃደኛ የሆናችሁ የአፓረንት ምደባ ሳይወጣ ስማችሁን ለጀመዓው ጸሐፊ ስጡ።