ሁለት ሌሊት በምዕራብ ጎጃም፤ ሐላል ለሚመገብ ቤተሰብ

ልጆቹን ይዞ ከከተማ ወጣ ማለት የሚፈልግ ሙስሊም ቤተሰብ ጥያቄው ከሌላው ትንሽ ይለያል። ሌላው «የት እናድራለን?» ብሎ ይጀምራል፤ እሱ ግን «ምን እንበላለን?» ይላል። በደሴ ወይም በሐረር ጥያቄው ብዙም አያስጨንቅም። ወደ ጎጃም ሲሆን ግን «እዚያ ለእኛ የሚሆን ምግብ አይገኝም» ብለው ገና ከቤት ሳይወጡ ሐሳቡን የሚተዉ ብዙ ናቸው። ልጆቻቸውም ያን የመሰለ አገር በትምህርት ቤት መጽሐፍ ብቻ አውቀውት ያድጋሉ። ዛሬ የምናወጋው ጉዞው በትንሽ ዝግጅት እንዴት እንደሚቻል ነው።

ከምግቡ በፊት ግን የሚቀድም ነገር አለ፤ ሰላም። ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው። ይሁንና ከተማዋ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብዙ ነዋሪዎቿን ያጣችበት የአየር ጥቃት ደርሶባታል፤ በክልሉ የተነሳው ግጭትም መንገዱን አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፍት ቆይቷል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ሻንጣ ማዘጋጀት ሳይሆን ስልክ መደወል ነው። እዚያው የሚኖር ዘመድ ወይም ወዳጅ፣ በመስመሩ የሚመላለስ ሹፌር፣ የምታርፉበት ሆቴል፤ ሦስቱንም ጠይቁ። አንዳቸው እንኳ «አሁን አይመችም» ካሉ ጉዞው ለሌላ ጊዜ ይቆይ። ሐይቁ የትም አይሄድም። መንገዱ ደህና ነው ቢባልም ሲመሽ አትጓዙ።

መንገዱ ሲፈቅድ ወዴት? ፍኖተ ሰላም ከአዲስ አበባ 385 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከባሕር ዳር ደግሞ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ቀኑን ሙሉ የሚወስድ መንገድ ነው፤ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው የዓባይ በረሃ ቁልቁለትና ዳገትም ልጆችን ያስመልሳልና ጠዋት ሆዳቸውን ባታጨናንቁ ይሻላል። ለሁለት ሌሊት የሚመቸው ከባሕር ዳር ወይም ከደብረ ማርቆስ ለሚነሳ ነው። የመጀመሪያውን ሌሊት ፍኖተ ሰላም፣ ሁለተኛውን ቡሬ ማደር ይቻላል። ቡሬ በበርበሬው የታወቀ አገር ነው፤ ለቤት የሚሆን ገዝቶ መመለስ ከጉዞው ትርፎች አንዱ ነው። ከቡሬ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ወደ አዊ ዞን ስትዘልቁ፣ እንጅባራ ከመድረሳችሁ በፊት፣ ከመንገዱ ብዙም ሳይርቅ የዘንገና ሐይቅ ይገኛል። በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ፣ ዙሪያውን ዛፍ የከበበው ክብ ሐይቅ ነው። ጥልቅ ስለሆነ ልጆች ዳር ላይ ይጫወቱ እንጂ አይዋኙ። አገሩ ደጋ ነውና ጋቢ ያዙ።

ሰከላ ያለው ግሽ ዓባይ፣ የዓባይ ምንጭ፣ ብዙ ሰው የሚመኘው ቦታ ነው። ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ጄምስ ብሩስ በ1770 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አይተውታል። ነገር ግን ምንጩ የቤተ ክርስቲያን ጸበል ነው። ከካህናቱ ፈቃድ ሳትጠይቁ አትቅረቡ፤ እስከዚህ ድረስ ካሉ እዚያው ቁሙ። ልጆችም የሰው ክብር እንዴት እንደሚጠበቅ የሚማሩት እዚህ ነው።

አሁን ወደ ምግቡ እንምጣ። በአገራችን ክርስቲያኑ ክርስቲያን ያረደውን፣ ሙስሊሙ ሙስሊም ያረደውን ይበላል። የመጽሐፉ ሰዎች ያረዱት ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም የሚለውን ለሊቃውንቱ እንተወውና ልማዱን እንያዝ። ልማዱ ካልተለወጠ መፍትሔው ያለው ሥጋ በሌለበት ማዕድ ላይ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ከጎጃም የተሻለ አገር ማግኘት ያስቸግራል። ጿሚ ሕዝብ ነውና በጾም ሰሞን በየምግብ ቤቱ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ክኩ፣ ጎመኑ፣ ድንቹ አይታጣም። ጿሚው ራሱ የፍስክ ድስት ከጾም ድስት እንዳይነካካ ስለሚጠነቀቅ፣ የእናንተን ጥንቃቄ ግማሹን እሱ ይሠራላችኋል።

ስለዚህ የጉዞውን ቀን በጾም አቆጣጠር ምረጡ። ከፋሲካ በኋላ ካሉት ሃምሳ ቀናት በቀር ረቡዕና ዓርብ ሁልጊዜ ጾም ነው። ቅዳሜና እሁድ ለሚጓዝ ግን የሚሻለው ረጅሙ ጾም ነው። ከኅዳር 15 እስከ ገና ያለው የነቢያት ጾም በተለይ ይመቻል፤ ዝናቡ አልፏል፣ መንገዱ ደርቋል፣ ሰብሉ እየታጨደ ነው። ብቻ ስታዝዙ «የጾም ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ቦዘና ሽሮ ሥጋ አለበት፤ በፍስክ ቀን ደግሞ ጥብስ የተጠበሰበት መጥበሻ ለእንቁላላችሁ ሊመጣ ይችላል።

ይህ ዘዴ የእኛ ብቻ አይደለም። ወደ ቬትናም ገጠር የሚሄዱ ሙስሊም ጎብኚዎችም ተመሳሳይ ችግር አለባቸው። እዚያ ብዙ ቡዲስቶች በጨረቃ ወር 1ኛና 15ኛ ቀን ከሥጋ ይታቀባሉ፤ «ቻይ» የሚባሉ ሥጋ አልባ ምግብ ቤቶችም አሉ፤ እንግዳው የሚበላው ከእነሱ ነው። የሌላው ሃይማኖት ጾም ለመንገደኛው ማዕድ ይሆናል። እኛ ግን ከእነሱ የሚቀለን ነገር አለ፤ ቬትናም ውስጥ የአሳማ ሥጋ በየድስቱ ሊገኝ ይችላል፣ በጎጃም ግን ክርስቲያኑም በልማዱ አይበላውም።

ልጆቹ ሥጋ ካማራቸው ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው መስጊድ ሄዶ መጠየቅ ነው፤ ሙስሊም ሥጋ ቤት ወይም ምግብ ቤት ካለ ከሰጋጆቹ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ሁለተኛው ከገበያ ዶሮ ገዝቶ አባትየው ራሱ ማረድ ነው። ለዚህ ቢላዋና አንድ ድስት ከቤት ያዙ፤ ከሆቴሉ የምትለምኑት እሳትና ውሃ ብቻ ይሆናል። ቤት የተሠራ ቋንጣ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ቴምር ደግሞ ለክፉ ቀን በሻንጣ ይኑር።

ማደሪያ ስትይዙ ክፍሉ ከመጠጥ ቤቱ ራቅ ያለ እንዲሆን በስልክ ንገሩ፤ ሌሊት የምትተኙት በዚያ ነውና። ብርዝ ቢቀርብላችሁ ጣፋጭ የማር ውሃ ነው፤ ሲቆይ ግን ወደ ጠጅ ስለሚሄድ «መቼ ተበረዘ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሰላት መንገድ ላይ ቢደርስባችሁ ቂብላው አያስቸግርም። ቀኝ እጃችሁን ፀሐይ ወደምትወጣበት ብትዘረጉ ፊታችሁ ወደ ሰሜን ይሆናል፤ ከዚያ በትንሹ ወደ ቀኝ ዘንበል ስትሉ ወደ መካ ዞራችኋል። በማሳ መካከል ከመስገዳችሁ በፊት ባለቤቱን አስፈቅዱ።

በመጨረሻ፣ አስቸጋሪው ሆቴል ሳይሆን የሰው ቤት ነው። የገጠር ሰው እንግዳ ሳይበላ ሲነሳበት ያዝናል። ወዳጅ ቤት የምትሄዱ ከሆነ ቀድማችሁ «እኛ እኮ ሙስሊሞች ነን፤ እማማ አይቸገሩ፣ ሽሮና እንጀራ ይበቃናል» በሉ። አስቀድሞ የተነገረ ሰው አይከፋውም፤ ዶሮውን ከነነፍሱ አቅርቦ «እናንተው እረዱት» የሚልም አለ። የሚከፋው በጉን አርዶ፣ ወጡን ሠርቶ፣ ማዕዱ ከቀረበ በኋላ ስታፈገፍጉ ነው። ልጆቻችሁንም ይህን አስተምሯቸው፤ «አንበላም» እና «ይህንን አንበላም» የተለያዩ ናቸው። ሁለተኛውን የሚሉ ልጆች የትም አገር ሄደው ወዳጅ አያጡም።