በመኪና የሚሻገር አውሬ

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2023 ከጆሃንስበርጉ ኦ.አር. ታምቦ አውሮፕላን ማረፊያ የተነሣ የሕንድ አየር ኃይል ዕቃ ጫኝ አውሮፕላን ኩኖ ለሚባለው የሕንድ ብሔራዊ ፓርክ የታሰቡ 12 አቦ ሸማኔዎችን ይዞ ወደ ሕንድ በረረ። የዓለም መገናኛ ብዙኃን ጉዞውን እንደ ጉድ ዘገቡት። ለደቡብ አፍሪካ ባለሙያዎች ግን አዲሱ ነገር ርቀቱ ብቻ ነበር። አውሬ እየጫኑ ከቦታ ቦታ ማዛወር እዚያ አገር የዘወትር ሥራ ነው።

መነሻው አጥር ነው። የ1991ዱ የዱር እንስሳት ስርቆት ሕግ በሚገባ በታጠረ መሬት ላይ የሚገኝ አውሬ፣ አጥሩን ጥሶ ቢወጣ እንኳ፣ የባለመሬቱ ንብረት ሆኖ እንዲቀጥል ደነገገ። አጥር ለሠራ ሰው አውሬው ሀብት ሆነለት፤ ብዙ ከብት አርቢም ከብቱን ሸጦ ወደ አውሬ ዞረ። አውሬ ከጠፋበት መሬት ላይ ተመልሶ መታየቱ የዚህ ፍሬ ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን እያንዳንዱ ጥብቅ ስፍራ በኤሌክትሪክ ሽቦ የተከበበ ደሴት ሆኖ ቀረ። እዚያ የተወለደ ወንድ አቦ ሸማኔ ዕድሜው ሲደርስ ከእናቱ ግዛት ርቆ መሄድ አለበት፤ ሲሄድ የሚያገኘው አጥር ነው። እንዳይወጣ ከተደረገ ከእኅቱ ጋር ይዋለዳል።

መፍትሔው መኪና ሆነ። በ2011 የተጀመረው የአቦ ሸማኔ ፕሮጀክት በአገሪቱ የተበተኑትን ትናንሽ ጥብቅ ስፍራዎች እንደ አንድ መንጋ ቆጥሮ፣ ማን ከማን እንደተወለደ እየመዘገበ፣ እንስሳቱን ያቀያይራል። በአደንዛዥ መርፌ ይመቷቸዋል፣ በሣጥን ይጭኗቸዋል፣ አዲሱ ቦታ ሲደርሱ ቦማ በሚሉት በረት ውስጥ ለሳምንታት ያቆዩዋቸዋል። ቁጥሩ ከዚያ ወዲህ በእጥፍ አድጓል።

የተኩላው ደግሞ ይበልጥ ይገርማል። ተኩላ ስል ጆሮው ክብ፣ ቆዳው ዝንጉርጉር የሆነውንና በመንጋ የሚያድነውን ማለቴ ነው። በተፈጥሮው ወንድማማቾች አብረው ከመንጋቸው ይወጣሉ፣ እኅትማማቾችም እንዲሁ፤ የማይዛመዱ ሁለት ቡድኖች ሲገናኙ አዲስ መንጋ ይመሠረታል። በታጠረ አገር ይህ መገናኘት የሚሆነው በሰው እጅ ነው። ባለሙያዎቹ ሁለቱን ቡድኖች አደንዝዘው ጎን ለጎን ያስተኟቸውና ጠረናቸው እንዲቀላቀል የአንዱን ገላ ከሌላው ጋር ያሻሹታል። ሲነቁ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሸታሉ፤ ብዙ ጊዜም ሳይናከሱ ይላመዳሉ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ከክሩገር ፓርክ ውጭ በ10 ዓመት ውስጥ 9 መንጋ እንዲቋቋም የወጣው ዕቅድ ጊዜው ሳይደርስ ግቡን መታ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ተሳክቶ ሳለ ምን ቅር ያሰኛል? ቅሬታዬ መኪናው አውሬው በእግሩ የሚተላለፍበትን መንገድ ይተካል ተብሎ መታሰቡ ላይ ነው። መኪናው የሚሠራው በጀት እስካለ፣ የእንስሳት ሐኪም እስካለ፣ መዝገቡን በቃሉ የሚያውቅ ሰው እስካለ ድረስ ነው። የአቦ ሸማኔውን ሥራ ለዓመታት የመራው ቪንሰንት ፋን ደር ሜርቬ በማርች 2025 ሪያድ ውስጥ ሲሞት፣ የሥራው ስንት ነገር በአንድ ሰው ትከሻ ላይ እንደተጫነ ብዙዎች ያን ጊዜ ነው ያስተዋሉት። ከዚህ የሚብሰው ግን መኪናው የሚጭነው ቱሪስት ከፍሎ የሚያየውን አውሬ መሆኑ ነው። አንበሳ ይጫናል፣ አቦ ሸማኔ ይጫናል። ቡናማውን ጅብ ግን ማን ይጭነዋል?

ቡናማ ጅብ ከእኛው ዝንጉርጉር ጅብ ያነሰ፣ ጠጉሩ የረዘመ፣ ብቻውን የሚንከራተት ጥንብ በሊታ ነው። በአንድ ሌሊት 20 እና 30 ኪሎሜትር መጓዝ ለእሱ ብርቅ አይደለም። ከጆሃንስበርግ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ የጥንት ሰው ቅሪተ አካል ከሚቆፈርበት ቦታ ጀምሮ እስከ ማጋሊስበርግ ተራራ ድረስ ይገኛል። ጆሃንስበርግ ያለችበት ጋውቴንግ ከአገሪቱ መሬት 1.5 በመቶ ብቻ የሆነና በ2022ቱ ቆጠራ 15 ሚሊዮን ሰው የተገኘበት ክፍለ ሀገር ነው። እዚያ ውስጥ ይህን ያህል የሚራመድ አውሬ በሕይወት የሚቆየው በቀረለት ክፍተት እየሾለከ ነው፤ በኮረብታ ጫፍ፣ በወንዝ ዳር፣ በኤሌክትሪክ ምሰሶ ሥር ሳይታረስ በቀረ መሬት።

የጆሃንስበርግን ወንዝ እንውሰድ። ጁክስኬይ የሚመነጨው ከዶርንፎንቴይን አካባቢ፣ ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ከሚውሉበት ከጄፒ ብዙም ሳይርቅ ነው። ሲጀምር ኮንክሪት ሥር ተቀብሮ ይሄዳል፤ አሌክሳንድራን አልፎ፣ ፍሳሽና ቆሻሻ ተሸክሞ፣ ወደ ክሮኮዳይል ወንዝ ይወርዳል፤ በሊምፖፖ በኩልም ሕንድ ውቅያኖስ ይደርሳል። በዚህ ውኃ ዳር ኦተር የሚባለው በውኃ ውስጥ የሚያድን አጥቢ እንስሳ ይኖራል ቢባል የሚያምን ጥቂት ነው። ግን ይኖራል። እጁ ጥፍር አልባ ስለሆነ ከድንጋይ ሥር ሸርጣን እየዳበሰ ያወጣል፤ አለቱ ላይ የሚተወው ዐይነ ምድር በሸርጣን ቅርፊት ስብርባሪ የተሞላ ነው። ምሥጢሩ ወንዙ ንጹሕ መሆኑ አይደለም፤ ወንዙ አለመቋረጡ ነው። አንዱ ጋ ውኃው ሲከፋ ወደ ሌላው ይወርዳል።

ለዚህ ሌላ ምስክር ከጆሃንስበርግ በስተ ምሥራቅ፣ ሴኩንዳ ላይ አለ። ሳሶል የተባለው ኩባንያ ከድንጋይ ከሰል ነዳጅ የሚያወጣበት ግዙፍ ፋብሪካ ግቢ ውስጥ ረግረግና ሣር ቀርቷል፤ ረግረጉ ደግሞ አይጥ ሞልቶታል። በ2018 የታተመ ጥናት እዚያ በ100 ካሬ ኪሎሜትር ከ76 እስከ 101 አነር እንዳለ ገምቷል፤ ለዚህ እንስሳ እስከዚያ ከተመዘገበው ሁሉ የሚበልጥ ነው። ከጭስ ማውጫ ሥር! አዳኝ አውሬ ውብ አገር አይጠይቅም። ምግብ፣ የሚያሳድደው ሰው አለመኖር እና መተላለፊያ ይበቃዋል።

የጋውቴንግ መንግሥት ይህ ፈጽሞ ያልገባው አይደለም። በ2001 የወጣው የኮረብቶች መመሪያ ክፍለ ሀገሩ ውስጥ ያሉትን ሰንሰለታማ ኮረብቶች እንደተነካኩበት መጠን በአራት ደረጃ ከፍሎ፣ እምብዛም ባልተነኩት ላይ ግንባታ እንዳይፈቀድ አዘዘ። በጎ መመሪያ ነው። ጆሃንስበርግ የምታድገው ግን በግንብና በኤሌክትሪክ ሽቦ በታጠሩ የመኖሪያ መንደሮች ነው፤ አንዳንዱ አጥርም ወንዙን ሳይቀር ያቋርጣል። አጥር የቆመው ለሌባ ነው፤ እንዳይሻገር የሚያደርገው ግን ኦተሩንም ነው። መፍትሔው ውድ ስላልሆነ ያበሳጫል። ድልድይ ሥር፣ ከውኃው ከፍ ያለች ደረቅ እርከን በቂ ናት። አውሮፓ ውስጥ ቱቦው በጎርፍ ሲሞላ ኦተር ወደ አስፋልቱ እየወጣ በመኪና መገጨቱ ስለታወቀ ይህችን እርከን መሥራት የተለመደ ሆኗል።

የሚሰነዘረው ብርቱ ተቃውሞ በሽታ ነው፤ መንገድ ከከፈትክ ለበሽታም ትከፍታለህ የሚል። ትክክል ነው፤ ማስረጃው ደግሞ የኛው ባሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 እና 2004 የእብድ ውሻ በሽታ ወደ ዌብ ሸለቆ ገብቶ በዚያ የነበሩትን ቀይ ቀበሮዎች አብዛኞቹን ፈጀ። ያን ጊዜ ባለሙያዎቹ ያደረጉትን ማየት ነው። የቀበሮ መንጋዎችን የሚያገናኙት ጠባብ ሸለቆዎች የት እንዳሉ ያውቁ ስለነበር፣ ሁሉንም ለመከተብ ሳይሞክሩ መተላለፊያው ላይ ያሉትን ከተቡ፤ ወረርሽኙም ወደ ሌሎቹ ሳይዛመት ቆመ። በሽታውን ማስቆም የቻሉት መንገዱን የሚያውቁ ናቸው። መንገዱን መዝጋት ቀበሮውን ለዘመዳሞች ጋብቻና ለሚቀጥለው ድንገተኛ አደጋ አሳልፎ መስጠት ነው።

ወደ አገራችን ከመጣን፣ እኛ አጥር የለንም፤ ማረሻ ግን አለን። ለአቅመ መራባት የደረሱት ቀይ ቀበሮዎች በጠቅላላው 500 አይሞሉም። ጮቄ ላይ ጠፍተዋል፤ ጉና ላይም ጠፍተዋል። በስሜን፣ በአቡነ ዮሴፍ፣ በቦረና ሳይንት እና በመንዝ ጓሳ የቀሩት፣ በመካከላቸው ያለው ደጋ እስከ ገደሉ አፋፍ ስለታረሰ፣ አንዱ ሌላውን አያገኝም። ለእነዚህ የደቡብ አፍሪካው መኪና አንድ ቀን ያስፈልጋቸው ይሆናል፤ አላፍርበትም። ባሌ ላይ ግን ዌብን ከሳነቴ የሚያገናኘው መሬት ዛሬም አለ፤ ሰፈራና ግጦሽ እያጠበቡት ያሉትም እሱን ነው።

አዲስ አበባም ከዚህ አትወጣም። ጅብ ከእንጦጦ በወንዝ ገደል እየወረደ ከተማ እንደሚገባ የማያውቅ አዲስ አበቤ የለም። ሌሊት የጣልነውን አጥንትና ጥንብ የሚያጸዳው እሱ ነው። የወንዝ ዳርቻዎችን የምታለሙ መሐንዲሶች ሆይ፤ ዳርቻውን ሁሉ በድንጋይ ግንብ ከማሰራችሁ በፊት በአንዱ ጎን እንኳ ቁጥቋጦና አፈር ተዉ፣ ከየድልድዩ ሥርም ደረቅ መተላለፊያ አስቀሩ። ጆሃንስበርግ ይህን ዘግይታ ለመሥራት ግንብ ማፍረስ ይኖርባታል፤ እናንተ ግን ገና ባልተሠራው ዳርቻ ላይ ከወዲሁ ማስቀረት ትችላላችሁ።